አጠገብህ ሰው አለ?

ቢቸና፣ ስልክ ቤት። ግንቦት 1976 ዓ.ም.፣ ሐሙስ ጠዋት። መስመር የምታገናኘው አገሬ ናት።

— ሄሎ… አቤት አገሬ… አዎ፣ ገብቻለሁ፤ የዚች ክፍል በር አልገጥም ብሎኝ ነው… ሞጣ ገና አልተገናኘም?… እሺ፣ ይዤ እጠብቃለሁ።

(የስልኩን አፍ በመዳፉ ከድኖ፣ ወደ በሩ)

— አያ ገብረ ክርስቶስ፣ ይቀመጡ እንጂ፤ አግዳሚው ባዶ ነው… ሰምቻለሁ አያ… መርዶ በስልክ እንደማይነገር እኔም አውቃለሁ፤ እዚሁ አገር አይደል ያደግሁት… ‹እናትህን ትንሽ አሟቸዋል፣ ዛሬውኑ ና› እለዋለሁ፤ ሌላ አልጨምርም… ሲደርስ እርስዎና ሽማግሌዎቹ ቤት አስገብታችሁ ትነግሩታላችሁ… አጎቱ እርስዎ ነዎት፤ እኔ ማን ነኝ ብዬ እቀድማለሁ… እሺ አልኩ እኮ።

— ሄሎ?… ሄሎ፣ ሞጣ… ሣህሌ?… ትሰማኛለህ?… አዎ፣ አካለ ነኝ፤ ሐሙስ በአራት ሰዓት ሌላ ማን ይኖራል ብለህ ነው… ደኅና… ደኅና ነኝ… ድምፄ ምን ሆነ?… ጉንፋን ቢጤ ነው። አንተስ?

— እህ… እህ… ክፍሉ በሙሉ አንድ ዓይነት ስሕተት?… ታዲያ ያስተማርካቸው አንተ አይደለህ፤ ከአንተ ነዋ የቀዱት… አልሳቅህም?… ስቄያለሁ፤ መስመሩ ነው ያላሰማህ።

— ሸሚዙ?… አልቋል። ቁልፍ ብቻ ነው የቀረው… እጅጌውንም አስረዝሜዋለሁ፤ ባለፈው ‹አሳጠረብኝ› ብለህ ለሞጣ ሰው ሁሉ ከሰስከኝ አይደል… ማን፣ ጋሼ አብዱልዋሂድ ናቸው እንዲህ ያሉት?… ‹ልብስ ሰፊ ወዳጅ ይዘህ ክንድህ ብርድ ይመታዋል›?… እውነታቸውን ነው። እንዲህ ያለ አከራይ ይስጥህ።

— ምን?… ቅዳሜ አትመጣም?… ለምን?… ፈተናውን እያረምክ… ዳይሬክተሩ… ለሚቀጥለው ቅዳሜ… አይ… አይ ሣህሌ፣ ስማኝ… ዛሬ ነው መምጣት ያለብህ… ዛሬ። የጋሼ ልጅ ሳሊህ ሐሙስ ሐሙስ ጭኖ ወደዚህ ይመጣ የለም?… በአባቱ መኪና፣ አዎ። እሱ ሳይነሣ ድረስበት።

— ናፍቄህ?… እሱማ መቼ ቀርቶ ያውቃል… ቀስ ብለህ አውራ፣ እዚህ ሰው አለ… ለዚያ አይደለም… እማማ ፈንታነሽን ትንሽ አሟቸዋል።

— ደረታቸውን… ሰኞ ከገበያ ሲመለሱ ዝናብ መታቸው… አዎ፣ በዚህ ወር ያው እንደምታውቀው… አዎ፣ አምናም ታመው ተነሥተዋል… መድኃኒት አትላክ… አያስፈልግም… ‹ሥራህን ትተህ ምን ልትሆን መጣህ› ብለው ይቆጡሃል?… አይቆጡህም ሣህሌ።

— ሄሎ… አለሁ… አለሁ፣ መስመሩ ነው።

(የአያ ገብረ ክርስቶስ ከዘራ የክፍሏን መስታወት ሁለት ጊዜ ይመታል። የስልኩን አፍ ከድኖ)

— ምንም አላልኩትም አያ… ‹ታመዋል› ነው ያልኩት… ይቆዩኝ።

— ማን?… አያ ገብረ ክርስቶስ ናቸው… ሰላም ይሉሃል… እሳቸውማ ስልክ ቤት ምን ይሠራሉ፣ እ… ለጉዳይ ብቅ ብለው ነው… ልጃቸውን ለእኔ ለመዳር?… ኧረ ተው፣ ያ ነገር አለቀ እኮ፤ ልጅቱም ደጀን ተድራ ወልዳለች… እኔማ ምን እመልስላቸዋለሁ፤ የመለሱላቸው እናትህ ናቸው። ‹አካለን ተዉት፣ እሱ የራሱ ሰው አለው› ብለው… አዎ፣ ሰንበቴ ላይ፣ ሰው መሀል። ‹ማን ናት እሷ?› ሲሏቸው ጠላቸውን አንሥተው ጠጡ… አትሳቅ… አትሳቅ ሣህሌ፣ እባክህ።

— ምንም… ምንም አልሆንኩም… በሚቀጥለው ሐሙስ ይዣቸው እንድመጣ?… ድምፃቸውን… እሺ… አሁን?… አሁን ምን ያደርጋሉ ነው ያልከኝ?… አሁን… ተኝተዋል።

— …

— ሄሎ… ሣህሌ?… ሄሎ… ትሰማኛለህ?… አገሬ፣ ሞጣ ተቋረጠ እንዴ?… አልተቋረጠም።

— ሣህሌ… እንዲህ ዝም አትበለኝ… አዎ፣ ‹ተኝተዋል› ነው ያልኩት… አውቃለሁ… እኔም ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት።

— አዎ፣ ያን ጊዜም እንዲሁ ነው ያልኩህ… ስለ ወንድምህ… ተራራው ተንዶ አውቶቡሱን ከኋላ ሲውጠው፣ ውበቴ በመሀላችን… አንተ ‹ውበቴ ምነው ዝም አለ› ባልክ ቁጥር እኔ ‹ተኝቷል፣ ደክሞት ነው› እያልኩ… እስኪቆፍሩን ድረስ። እጁ እጄ ውስጥ ነበር፤ ሲቀዘቅዝ አውቄዋለሁ። አንተ እዚያ በኩል እግርህ ተይዞ፣ እንዳይፈራ ብለህ ትዘፍንለት ነበር። ስምህን እንኳ የማላውቀው ሰው፣ ዓባይ በረሃ፣ በዚያ ጭቃ ውስጥ ለሞተ ወንድምህ ስትዘፍን… ምን ብዬ ላቋርጥህ?

— ለምን እንደ ዋሸሁህማ ነግሬሃለሁ… ብነግርህ አንተም ተስፋ ቆርጠህ ዝም ትላለህ ብዬ ነው። ያንተ ድምፅ ከጠፋ ለእኔም ያለቀ ነበር። ለራሴ ብዬ ነው የዋሸሁህ፣ ከፈለግክ።

— አዎ… አርባው ዕለት። ሆስፒታል አልጋችን ጎን ለጎን ሆኖ ፊትህን ወደ ግድግዳ አዙረህብኝ ከከረምክ በኋላ፣ ከተዝካሩ ወጥተህ በዱላ እያነከስክ ሱቄ መጣህ። ‹አልተቀየምኩህም› አልከኝ፤ ‹ሁለተኛ ግን ሞት እንዳትደብቀኝ፤ የመጣ ቢመጣ ካንተ አፍ ልስማው።› እጄን ሰጥቼ ማልኩልህ… አልረሳሁም… ያን ቀን አይደል ሳትሄድ ያደርከው፤ እንዴት አድርጌ እረሳለሁ?

— ቆይ… ቆይ፣ ገና አትጠይቀኝ… መጀመሪያ እኔ ልጠይቅህ። አጠገብህ ሰው አለ?… ሱቁ ውስጥ ነህ አይደል፤ ጋሼ አብዱልዋሂድ የታሉ?… ከኋላ፣ መጋዘን… ጥራቸው… ጥራቸውና አጠገብህ ይቁሙ… እኔ ብሆንማ በወደድኩ፤ ግን አንተ ሞጣ ነህ፣ እኔ እዚህ ነኝ… አትዝጋው። ባንኮኒው ላይ አስቀምጠውና ሂድ፤ እጠብቃለሁ።

(የስልኩን አፍ ከድኖ፣ ወደ በሩ)

— አያ፣ ይስሙኝ። ልነግረው ነው… አይቆጡ… ነውር መሆኑን አውቃለሁ። ሰው ብቻውን ሰምቶ የሚይዘው አጥቶ እንዳይወድቅ ነው ደንቡ፤ የሚይዘው ሰው አቁሜለታለሁ… ሽማግሌ ቢላክ ነገ ነው የሚደርሰው። እናንተ ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት ልትቀብሩ ነው፤ እሱ ቅዳሜም አልመጣ እያለ ነው። እናቱን ሳይሆን አፈር ሊያይ ይምጣ?… እኔ ማን ነኝ?… እሱን በኋላ ይጠይቁኛል አያ። በሩን ልሳበው፣ ጣትዎን ያንሡ።

— … ሄሎ… ገና ናቸው… የሱቁ ድምፅ ይሰማኛል… ሰው ጨው እየጠየቀ ነው…

— ሄሎ… መጡ?… እጃቸው የት ነው?… ትከሻህ ላይ… ደኅና። ተቀምጠሃል?… የስኳሩ ጆንያ ላይ… እሺ… ሆዴ፣ ስማኝ። እናትህ ዛሬ ጎሕ ሲቀድ አረፉ።

— …

— አለሁ።

— … አለሁ፣ እዚሁ ነኝ። አልቅስ። አንተ ካልዘጋኸው እኔ አልዘጋም።

— አገሬ… ሰዓቱ አልቋል፣ አውቃለሁ… አትቁረጪው እባክሽ… እሺ… እግዜር ይስጥሽ።

— ትንፋሽ አጠረህ?… ቀስ… አንተ ራስህ ያን ጊዜ እንዳሳየኸኝ፤ ‹አየሩ እንዲበቃን ቀስ እያልክ ሳበው› ብለህ… አዎ… እንዲያ… እኔ ላውራ፣ አንተ ስማ ብቻ። ያን ጊዜ ምን ነበር የማወራልህ? ኮት እንዴት እንደሚቆረጥ። መጀመሪያ ጀርባው፣ ከዚያ ደረቱ፣ ገበሩ መጨረሻ… ከዚያ ወዲህ ኮት ባየህ ቁጥር ገበሩን ሳትገለብጥ አታልፍም፤ ሰርግ ላይ የሙሽራውን ኮት ገልብጠህ ሚዜዎቹ ሊደበድቡን… አዎ… ሉማሜ ከተማ… እንዲያ ቀስ በል… እንዲያ።

— ብቻቸውን?… አልነበሩም። እኔ ነበርኩ… ከማክሰኞ ጀምሮ ባሰባቸው። ትናንት ልደውልልህ ሁለት ጊዜ መጥቻለሁ፤ መስመሩ ወድቆ ነው፣ አገሬ ምስክሬ ናት… ቄሱ መጥተው ናዘዟቸው፣ ቆረቡ… አልተጨነቁም። ትንፋሻቸው እያጠረ፣ እያጠረ፣ ዝም አሉ። እጃቸውን ይዤ ነበር… አዎ… እንደ ውበቴ። የሱንም እኔ፣ የሳቸውንም እኔ… ምን ዓይነት እጅ እንደሆነ እንጃ።

— ደግ እጅ ነው?… አንተ ካልክ።

— ምን ያሉ መሰለህ፤ ያንተን ነገር ሲያወሩ ነው የዋሉት… ‹ያ ልጅ በነጠላ ጫማ ዝናብ ለዝናብ እንዳይሄድ በልልኝ›… እኔንም አሙኝ። ‹ስትገንዙኝ አካለ የሰፋውን ቀሚስ እንዳታለብሱኝ፣ ጠርዙ ጠማማ ነው፤ ጴጥሮስ ያየኝና ይስቃል› ብለው ሳቁ… አዎ… ሳቅ አሁን፣ ሳቅ፤ እሳቸውም ስቀዋል… እሱኑ ለበሱ። ጠዋት ጠርዙን ፈትቼ እንደገና ሰፋሁት። ቀጥ አለ። አሁን ማንም አይስቅም።

— ደግሞ… ጋቢ ሰጥተውኛል… አዲስ… አዎ፣ ክረምቱን ሁሉ ሲፈትሉለት የነበረው፤ ‹ለማን ነው› ስትላቸው ‹ለገበያ› ይሉህ የነበረው። ለካ ሸማኔው ‹ወይዘሮ ፈንታነሽ፣ ልኩን ተሳስተዋል፤ ይህ ለአንድ ሰው ሰፋ፣ መሬት ይጎተታል› ቢላቸው ‹ለአንድ ሰው ነው ያለህ ማን ነው?› ብለውታል… ማክሰኞ ከሣጥናቸው አስወጡኝና ‹ያ ጓዳህ ያፈሳል፤ ሁለታችሁንም ይበርዳችኋል› አሉኝ። ‹ለልጄ ስጥልኝ› አላሉም። ‹ሁለታችሁ› ነው ያሉት።

— አዎ… ያውቁ ነበር ሣህሌ… ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ እንጃ፤ አልጠየቅኋቸውም… እጃቸውን ሳምኩ፤ ሌላ ምን እላለሁ… አራት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ በመጣህ ቁጥር፣ በር ላይ ቆመው ሳል ስለው ነው የሚገቡት፤ የሕመም ሳል ይመስልህ ነበር?… እኔም ይመስለኝ ነበር።

(በሩ ይከፈታል)

— ነገርኩት አያ… እያለቀሰ ነው፤ ሰው ይዞታል… ካህናቱ ይቆያሉ፤ ካልቆዩ ሄጄ እግራቸው ላይ ወድቄ እለምናለሁ። ሳሊህ ከአሥር ሰዓት በፊት ያደርሰዋል። ልጃቸው ሳያያቸው አፈር አይነካቸውም… አላበድኩም አያ… እርስዎም እኮ የእናትዎን ቀብር አልደረሱም፤ በየዓመቱ ሲናገሩት እሰማለሁ…

— እርስዎ?… እርስዎ ራስዎ ሄደው ይነግሯቸዋል?… እግዜር ይስጥልኝ አያ። ዝናብ ሊመጣ ነው፣ ጃንጥላዬን ይውሰዱ፣ እዚያ ጥግ አለች።

— ሄሎ… አለሁ… አጎትህ ናቸው። ካህናቱን ሊያስቆዩልህ ሄዱ… አዎ፣ እሳቸው ራሳቸው… እኔም ገርሞኛል… በል ስልኩን ለጋሼ አብዱልዋሂድ ስጣቸው።

— ሄሎ፣ ጋሼ… አሜን… አሜን፣ እርስዎንም ያቆይልን… ሳሊህ አልተነሣም?… ተመስገን… ከፊት፣ ጋቢናው ውስጥ ያስቀምጠው፣ ጭነቱ ላይ እንዳይሆን… አዎ፣ ከዚያ ናዳ ወዲህ ከኋላ ሲቀመጥ አየር ያጥረዋል። በመስኮቱ በኩል ይሁን፣ ክፍቱን ይተውለት… ዝም ካለ ዝም ይበሉት፤ ካወራ ያውሩት… እርስዎም?… እርስዎም አብረው?… ሱቁስ?… ይዘጋ?… በገበያ ቀን… ጋሼ፣ ምን እንደምልዎ እንጃ… ወይዘሮ ፈንታነሽ እርስዎ ሲመጡ ለብቻ ድስት የሚያወጡልዎ፣ አዎ… ያቺ ድስት ዛሬም ታጥባ ተቀምጣለች፤ ያዩዋታል… ስልኩን ለእሱ ይስጡልኝ።

— ሆዴ… በል ተነሥ… ፊትህን ታጠብ፣ የሳሊህ እህት ጦይባ ውሃ ትስጥህ… ለቅሶ ቤቱ በቀጥታ አትግባ። ከከተማው መግቢያ ወፍጮው ጋ ቆሜ እጠብቅሃለሁ፤ እዚያ ትወርዳለህ፤ ከዚያ አብረን በእግር እንገባለን… ክንድህን እይዛለሁ፣ አዎ… ሰው ምን ይላል?… ‹የናዳው ልጆች መጡ› ይላል፤ ሁልጊዜ የሚለን ይኸው አይደል… ሌላም ካለ ዛሬ ይበል።

— ጋቢው?… ይዤው እመጣለሁ። አንዱን ጫፍ አንተ፣ አንዱን ጫፍ እኔ… አስከሬኑ ፊት እንዲህ ለብሰን መቆም ይቻል እንደሆነ እንጃ። እሳቸው ግን ለዚያ ነው የፈተሉት።

— ምን?… አሁን?… አዎ፣ አገሬ መስመሩ ላይ አለች… በየሐሙሱ ‹በለኝ› ትለኛለህ፣ እኔ በየሐሙሱ ‹ሰው አለ› እልሃለሁ… እሺ። እወድሃለሁ። ወንድም ወንድሙን እንደሚወደው አይደለም፤ አንተ እንደምታውቀው ነው። ከዚያ ጭቃ ሲያወጡን በቃሬዛ ላይ ሆነህ ዞር ብለህ ፈልገህ አየኸኝ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው… አልኩት። አሁን ተባለ።

— ጥሩምባው ይሰማኛል፤ ሳሊህ ነው። ሂድ… አንተ ዝጋው… አይ፣ አንተ… እሺ፣ ለጋሼ ስጣቸውና እሳቸው ይዝጉት… እሺ… ወፍጮው ጋ። ወፍጮው ጋ ነኝ።

— …

— ሄሎ… አገሬ… ሞጣ ዘጋ?… እሺ… ሁሉንም ሰማሽ… አውቃለሁ፣ ይህን ያህል ጊዜ ስታገናኚን ለማንም አልተናገርሽም… አታልቅሺ አንቺ ደግሞ… ምን?… እኔ?… እኔማ ምን ሆኜ፤ ለቅሶ ቤቱን ሳሰናዳ ነው ያረፈድኩት… አይ፣ እስካሁን ማንም አልጠየቀኝም… እንደገና በይው፤ አልሰማሁሽም… አጠገቤ ሰው አለ ወይ?

— እየመጣ ነው።

(ስልኩን ሰቀለው።)